ኛዴንግ ለቃለ መጠይቅ ስታዘጋጀኝ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ የኮልፌ ጎረቤቶቼ የተበላሸ ስልክ ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ሰዓዳ ጁባ ኮምፒውተር ቤት ነበር የምትሠራው» ሲባል ሰምተው ነው። ስልክ መጠገን አልችልም። የኮምፒውተር ሆድ ከፍቼ አይቼ አላውቅም፤ ፕሮግራም የሚባለውንም አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። «ታዲያ ሥራሽ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ሰው መጠየቅ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

አልፈርድባቸውም። ሥራው ቢዝነስ አናሊስት ይባላል። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ነጋዴ አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ሲያሠራ፣ ፕሮግራሙን የሚጽፉት ልጆች የእሱን ሥራ አያውቁትም፤ እሱም የእነሱን ቋንቋ አያውቅም። መሃል ቆሞ «የቸገረው ይሄ ነው፣ የሚያስፈልገው ይሄ ነው» ብሎ ሁለቱን የሚያግባባ ሰው ያስፈልጋል። እኔ የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታቴን ያሳለፍኩት እንዲህ መሃል ቆሜ ነው። የጀመርኩት ግን ሃምሳ ዓመት ልሞላ ስቃረብ፣ ጁባ ውስጥ፣ ከተማው በተረበሸበት ዘመን ነው። ያስተማረችኝም ከአንድ ግቢ በር ወጥታ መሄድ የማትችል ሴት ነበረች። ስለ ሥራዬ ልጽፍ ተነሳሁ እንጂ፣ የምጽፈው ስለ እሷ ነው ብል ይቀላል።

እኔ የንግድ ቤት ሰው ነኝ። ባሌ ሲሞት ልጄ ሪሃና ገና ዳዴ ትል ነበር፤ መርካቶ ሐጂ ሱልጣን የሚባሉ የምግብ ሸቀጥ አከፋፋይ ዘንድ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ገባሁ። ሐጂ ቁጡ ነበሩ፤ ግን ዕቃ ያውቃሉ። ሩዝ ሲገዙ ጆንያውን ራሳቸው ፈተው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው፣ ከታች ዘግነው ነው የሚያዩት። «ከላይ ያለውንማ ማንም ያሳምረዋል» ይሉኝ ነበር። ኮምፒውተር የተማርኩትም በእሳቸው ግፊት ነው። ጁባ መጋዘን ሲከፍቱ «ለባዳ አልሰጥም፣ ሰዓዳ ትሂድ» አሉና ሄድኩ። ንያኩሮን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ያኔ ጁባ ሁሉም የሚገዛባት፣ ሁሉም የሚገነባባት አዲስ አገር ነበረች። ዱቄት፣ ፓስታ፣ ዘይትና ሳሙና እናከፋፍላለን። ብዙም ሳልቆይ እኔም «ኬፍ?» ብዬ ሰላም የምል፣ «ማፊ» ብዬ የለም የምል፣ «ካላስ» ብዬ ክርክር የምዘጋ የጁባ ነጋዴ ሆንኩ።

ኛዴንግን ያወቅኋት ከረብሻው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሐጂ ሳሙና እየጠፋባቸው ተቸግረው ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ሌባ አለ ብለው ስላመኑ፣ ሌባውን የሚይዝ የኮምፒውተር ሲስተም ይሠራልኝ ብለው አንድ ድርጅት ቀጠሩ። ድርጅቱም ኛዴንግን ላከ። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች የኑዌር ሴት ናት። ጫማዋ ያብረቀርቃል፤ በዚያ አቧራ ውስጥ እንዴት እንደዚያ እንደሆነ አልገባኝም። በእንግሊዝኛ ልቀበላት አፌን ስከፍት፦

«እንደምን አደሩ እትዬ ሰዓዳ? ዛሬ ምንም አልጠይቅዎትም፤ እዚህ ጥግ ተቀምጬ ልይ» አለችኝ፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ።

ወላጆቿ በስደት ኢትዮጵያ ገብተው ነው የወለዷት። ጎፋ አድጋ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ እዚያው ተምራ፣ አገሯ ነፃ ስትወጣ የተመለሰች ናት። የፓስታ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ሙሉ ቀን አየችን። በማግስቱ መጠየቅ ጀመረች፤ ያኔ ደግሞ ማብቂያ አልነበረውም። መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ማነው? ዕቃው ሲወርድ ምን ብሎ ይጣራል? አንድ ነገር ስነግራት ዝም ብላ ትሰማና፣ «እንግዲህ የገባኝን ልመልስልዎት፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» ብላ የራሴን ነገር መልሳ ትነግረኛለች። መጀመሪያ ላይ አበሳጨችኝ፤ ደንቆሮ የምታደርገኝ መሰለኝ። በኋላ ግን የራሴን ንግግር ከእሷ አፍ ስሰማ፣ እኔው ራሴ «አይ፣ እንደሱ እንኳን አይደለም» እያልኩ መታረም ጀመርኩ።

ሌባ አልነበረም። አንዱ ሳሙና ሦስት ስም ነበረው። ሐጂ «ሰማያዊው» ይሉታል፤ ተሸካሚዎቹ በጁባ ዓረብኛ «ሳቡን ከቢር»፣ ትልቁ ሳሙና ይሉታል፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ የማስገባው በፋብሪካው ስም ነው። ሲገባ በአንዱ ስም፣ ሲወጣ በሌላው እየተመዘገበ ያለው የለም፣ የሌለው አለ ይባል ነበር። ኛዴንግ ይህን ለሐጂ ስታስረዳቸው ቀስ አድርጋ፣ ሳታሳፍራቸው ነው። ሐጂም ጢማቸውን እያሻሹ «ለአንድ ስም ብዬ ስንቱን ሰው በልቤ ሌባ አደረግሁት!» አሉ። ያን ቀን ይህ ሥራ ምን እንደሆነ ባላውቅም ቀናሁባት።

ከዚያ ታኅሣሥ 2006 መጣ፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2013 ነው። ተኩሱ እሑድ ጀመረ። እኛ ንያኩሮን ያለነው ወለል ላይ ተኝተን ሰነበትን። ነገሩ ጋብ ሲል ስንወጣ መጋዘኑ ተሰብሯል፤ የቀረ ነገር የለም። ኛዴንግ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣልኝ፤ «በሕይወት አለሁ። መጠለያ ገብቻለሁ። ኛዴንግ» ይላል።

ያኔ ኑዌር በስሙ እየተለየ ይገደል ስለነበር፣ ብዙዎቹ ሸሽተው ሰማያዊ ቆብ የለበሱ ሰላም አስከባሪ ወታደሮች የሚጠብቁት ግቢ ገብተው ነበር። ምን ላምጣልሽ ብዬ ስደውልላት፣ ሳሙናና በርበሬ ካለች በኋላ «ጥቁር የጫማ ቀለም ካገኘሽ» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ሳቄም ዕንባዬም እኩል መጣ። «አንቺ» ብላ የጠራችኝም ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ብላኝ አታውቅም።

ስሄድ በላስቲክ ድንኳኖች መካከል ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ተቃቀፍን። ከቤቷ ይዛ የወጣችው የለበሰችውን ልብስና አንድ የእጅ ቦርሳ ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። መጠየቅ የማይገባበት ጊዜ እንዳለ ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። በቦርሳዋ ውስጥ ግን ቻርጀሯንና የትምህርት ማስረጃዋን አሳየችኝ። «ሌላው ይተካል» አለች።

ሐጂ ሱልጣን በመጋቢት ዕቃቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ተነሱ። «ልጄ፣ ንግድ ቢሞት ይነሳል፤ ሰው ነው የማይነሳ። ነይ እንሂድ» አሉኝ። ልሄድ ነበር። ሪሃናም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ «እማ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች በየቀኑ ትደውላለች። ግን መርካቶ ተመልሼ፣ በዚህ ዕድሜ፣ ማን ይቀጥረኛል? የልጄ ትምህርትስ? ይህን እያሰብኩ ልሰናበታት ወደ መጠለያው ሄድኩ።

ኛዴንግ ስልኳን ሰጠችኝ። ማስታወቂያ ነው። አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለክሊኒኮችና ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ስለሚሠራ ቢዝነስ አናሊስት ይፈልጋል። ቢሮው እዚያው ጁባ፣ ኮሎሎ የሚባል ሰፈር ነው።

«ይሄ የኔ ሥራ ነበር» አለች። «ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ የማገኘው።»

«ታዲያ አመልክቺ!»

«ኮሎሎ እንዴት እሄዳለሁ? ከዚያ በር ወጥቼ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ስሜን ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?» ድምጿ አልተለወጠም። «አንቺ ግን ትሄጃለሽ።»

«ኛዴንግዬ፣ እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ።»

«የመጋዘን ሲስተም ነው የሚሠሩት። ዕቃ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሰው የት ላይ እንደሚሳሳት ታውቂያለሽ። የማታውቂውን እኔ አውቃለሁ። ምን ጎደለን?»

ሐጂን ያለ እኔ ሸኘኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ ቅር እንዳላቸው ግን አውቃለሁ።

ዝግጅታችን ተጀመረ። በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ ማለቴ ነው፣ እየሄድኩ ድንኳኗ ውስጥ እንቀመጣለን። ኛዴንግ በቃሏ የምታውቀውን ሁሉ አወረደችልኝ። ሪኳየርመንት ማለት ምንድነው? ሲስተሙ ሊያደርግ የሚገባው ነገር። ባለጉዳይ የሚባለው ማነው? በሥራው የሚነካ ሁሉ። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ትለኛለች፣ እደግማለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ የጉምሩክና የካርቶን እንግሊዝኛ ነበር፤ ቦዳ ላይ ሆኜ ሳይቀር እያነበነብኩ ነው የምመለሰው። ሹፌሩ አንድ ቀን ዞር ብሎ «ማማ፣ እየጸለይሽ ነው?» አለኝ።

የቃለ መጠይቁ ቀን አዲስ ሻርፕ አድርጌ ኮሎሎ ደረስኩ። የድርጅቱ ኃላፊ ሚስተር ካማው የሚባል ኬንያዊ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ትዕግሥት ያለው ሰው። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተቀምጧል። ትርጉም ጠየቁኝ፤ እንደ ውሃ አፈሰስኩት። ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሳይ ልቤ ሞላ። ከዚያ ካማው እንዲህ አለኝ፦

«የአንድ ክሊኒክ ኃላፊ መጥቶ ‘መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ያልቅብናልና ሲስተም ሥሩልን’ አለዎት እንበል። ምን ያደርጋሉ?»

መድኃኒት ከሳሙና በምን ይለያል አልኩና ጀመርኩ። እያንዳንዱ መድኃኒት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል አልኩ። ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ በቀይ ያስጠነቅቃል አልኩ። የሳምንቱን ሪፖርት፣ የወሩን ሪፖርት፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ። ብዙ ተናገርኩ። ተነስቼ ሰሌዳው ላይ ሳልኩ። ስጨርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ካማው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና ሰሌዳውን አየ።

«በጣም ጥሩ ሲስተም ነው» አለ። «መድኃኒቱ ለምንድነው የሚያልቀው?»

መልሱን እንደሳልኩት ሁሉ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

«ክሊኒኩ ውስጥ ማንን አነጋገሩ?»

ማንንም። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም። መኪናው ዘግይቶ ይሁን፣ ሕመምተኛው በዝቶ ይሁን፣ ጊዜው አልፎ ተጥሎ ይሁን፣ ምንም ሳላውቅ ቤት ሠርቼ ጣራ አልብሻለሁ። «ይቅርታ» ማለት እንኳ በእንግሊዝኛ ጠፋብኝ። በአክብሮት ሸኙኝ፤ ከሳምንት በኋላም አልተሳካም የሚል ኢሜይል ላኩ። መልሱን ግን ከወንበሩ ሳልነሳ ነበር የማውቀው።

ብዙ ነገር በሕይወቴ ወድቆብኛል፤ ባሌን ቀብሬአለሁ፣ መጋዘኔ ተዘርፏል። ይሄ ግን የራሴ አፍ የጣለኝ ነው። ሻርፔን ፊቴ ላይ ጎትቼ ቦዳ ላይ አለቀስኩ። በዚያች ሳምንት አዲስ አበባ ልመለስ ብዬ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ጠየቅሁ።

ኛዴንግ ስነግራት አላጽናናችኝም። ካማው የጠየቀኝን፣ እኔ የመለስኩትን፣ እሱ ፊቱን እንዴት እንዳደረገ ሳይቀር አንድ በአንድ አስወራችኝ። ከዚያ ጉልበቷን አቀፈችና «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«እንዴት ያንቺ ይሆናል?»

«መልስ አስጠናሁሽ። ይሄ ሥራ መልስ አይደለም። ቸኮልኩ፤ ሥራውን በአንቺ በኩል ልይዘው ፈልጌ ነው መሰለኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «እንደገና እንጀምር። ትርጉም የለም፣ መሸምደድ የለም። ካማው ሰው ካልያዘ እንደገና ያወጣዋል፤ እሱ ባያወጣ ሌላው ያወጣል። የውሃ ቧንቧውን ታያለሽ?»

ከድንኳኗ ራቅ ብሎ ቧንቧ አለ። ከንጋት ጀምሮ የጀሪካን ሰልፍ ይሠራል። ሴቶቹ በወረፋ ይጣላሉ፤ አንዳንዴም ይፈነካከታሉ። ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ ሌላ ቧንቧ ይተከል እያለ ነው።

«ሂጂና ችግሩን አምጪልኝ» አለች ኛዴንግ። «መፍትሔ ይዘሽ እንዳትመጪ።»

ሄጄ ጠየቅሁ፤ በጁባ ዓረብኛም፣ ጋምቤላ ኖረው አማርኛ የለመዱትን በአማርኛም። ተመለስኩና «ውሃ ያንሳል ይላሉ» አልኳት።

«ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«ውሃ ያንሳችኋል ወይ ብዬ።»

«‘አዎ’ የሚያስብል ጥያቄ ጠይቀሽ ‘አዎ’ ይዘሽ መጣሽ» አለችና ሳቀች። መጠለያ ከገባች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «ስለ ውሃ አትጠይቂ። ስለ ቀናቸው ጠይቂ።»

በሌላ ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው አጠገብ ዋልኩ። ማማ ሣራ የሚሏቸው፣ ዱላ ይዘው የሚሄዱ ሽማግሌ ሴት ነበሩ። ኢታንግ በስደት ኖረው አማርኛ ይችላሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ማማ፣ ዛሬ ከተነሱ ጀምሮ ያደረጉትን ያጫውቱኝ» አልኳቸው። ያጫውቱኝ ጀመር። ጀሪካናቸውን በጨለማ አምጥተው እንዳስቀመጡ፣ ሰው እንዳያነሳባቸው ቆመው እንደጠበቁ፣ ወገባቸው እንደሚያማቸው። እያወራን ሰልፉ አለቀ፣ ፀሐዩ ከረረ። ከሰዓት በኋላ ቀና ብዬ ሳይ ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ አጠገቡ ማንም የለም። ሄጄ ከፈትኩት። ውሃ መጣ።

«ማማ፣ ውሃ እኮ አለ! አሁን ለምን አይቀዱም?»

«የከሰዓቱ የኛ አይደለም» አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። «በኋላ የመጡት የነዚያ የወዲያኞቹ ነው።»

ወዲያ ማዶ ሄጄ ጠየቅሁ። እነሱ ደግሞ የከሰዓቱ የእነሱ መባሉን አልሰሙም፤ ውሃው ከሰዓት በኋላ የሚቆም ነበር የሚመስላቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲጎርፍ፣ ውሃም በርሜል ተቆጥሮ ሲታደል፣ ጠዋቱን ለአንዱ ወገን፣ ከሰዓቱን ለሌላው የሚከፍል ደንብ ነበር። ደንቡ ቀርቷል፤ መቅረቱን ግን ማንም ለማንም አልነገረም። ሁለቱም ወገን ጠዋት ይጋፋል፣ ከሰዓት በኋላ ውሃው ብቻውን ይውላል።

ወደ ኛዴንግ የሄድኩት በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ነገርኳት። ልማዷ ነውና «የገባኝን ልመልስልሽ» ብላ መልሳ ነገረችኝ፤ አንድ ቦታ አረምኳት። ከዚያ አብረን ለኮሚቴው ነገርናቸው። እነሱም በቤተ ክርስቲያኑ ስብሰባና በየብሎኩ አስነገሩ። ጠቡ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ ሰው በተጨናነቀበት ጠብ አይጠፋም። ግን ማማ ሣራ ጀሪካናቸውን ምሳ ከበሉ በኋላ፣ ዱላቸውን እየወዘወዙ፣ እንደ እመቤት የሚቀዱ ሆኑ።

የአውሮፕላኑን ነገር ተውኩት፤ ያጠራቀምኩትን እየቆጠብኩ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ መጠለያው ትምህርት ቤቴ ሆነ። የክሊኒኩን ወረፋ፣ የእህል እደላውን፣ የስልክ ቻርጅ የሚያደርገውን ሰውዬ ጭቅጭቅ ሁሉ እየጠየቅሁ አመጣለሁ። ኛዴንግ ቁጡ ደንበኛ ሆና ትጮህብኛለች፤ ምንም የማይናገር ደንበኛ ሆና ታፋጥጠኛለች፤ ሁሉን አውቃለሁ የሚል አለቃ ሆና ታጣድፈኛለች። አንዱን ድምፅ ከሐጂ ሱልጣን እንደወሰደችው አውቄባታለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ዝምታ ነበር። ሰው መልሶ ሲያበቃ ቶሎ አትግቢ ትለኛለች፤ ትንሽ ቆዪ፣ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። ዛሬም ድረስ ልጄ ስታወራኝ እንደዚያ አደርጋለሁ፤ «እማ፣ ሥራሽን በኔ ላይ አትሥሪ» ትለኛለች።

በፈረንጆቹ 2015 መጀመሪያ ላይ ያው ድርጅት እንደገና ማስታወቂያ አወጣ። ካማው ስሜን አስታውሷል። እንደገባሁ «ተመልሰው መጡ» አለኝ። ፈገግታው ይሁን መገረሙ አልለየሁትም።

ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ የክሊኒኩን። ሆን ብሎ ነው።

«የክሊኒኩን ኃላፊ ላነጋግራቸው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። ይጠይቁ።»

«መጨረሻ ጊዜ መድኃኒት ያለቀባችሁን ቀን ያጫውቱኝ።»

ወንበሩ ላይ ተመቻቸና የቁጡ ኃላፊ ሚና ያዘ። ጮኸብኝ፣ «ሲስተም ነው ያልኩሽ፣ ወሬ አይደለም!» አለኝ። የገባኝን መልሼ ነገርኩት፤ ስሳሳት አረመኝ። ማን ያዝዛል? ማን ይረከባል? ሲዘገይ መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው? አንድ ቦታ ላይ መለሰና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። አልገባሁበትም። በመጨረሻ «እውነቱን ለመናገር» አለ፣ «ትዕዛዙን የምልከው እኔ ነኝ፤ እኔም መስክ ስወጣ ማንም አይልከውም።» ባልደረቦቹ ሳቁ። ድርጊቱ የእውነት ከአንድ ደንበኛቸው የተወሰደ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

«ታዲያ ምን ሲስተም ይሠራልን?» አለኝ።

«ገና አላውቅም» አልኩት። «ቦታው ላይ ልዋልና ልንገርዎት።»

ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። የኛዴንግን ስም ነገርኩት፤ የውሃውንም ታሪክ። ጻፈው። በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ፤ ተቀጠርሽ ተባልኩ። ስልኩን እንደያዝኩ ንያኩሮን ቤቴ በር ላይ ቁጭ አልኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ለሪሃናም ደወልኩ። ከዚያ ቦዳ ጠርቼ ወደ መጠለያው። ኛዴንግ አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ «የት ነው የሚልኩሽ?» አለችኝ።

ሸሪካት የሚባል ሰፈር ነበር የላኩኝ፤ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ፣ አንድ የመድኃኒት መጋዘን። ዕቃ ጠባቂዋ ሴት ልትሰልለኝ መጣች ብላ በጎን ዓይኗ አየችኝ። «ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም» አልኳት፤ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። ያየሁትን ይዤ መጠለያው እሄዳለሁ፣ ከኛዴንግ ጋር እናብጠረጥረዋለን። ካማው ሥራዬን ሲያመሰግን ግማሹ የማነው እያልኩ ይከብደኝ ጀመር።

ዝናቡ ሲገባ ሥራው በዛ፤ ካማው ሁለተኛ አናሊስት ልቅጠር አለ።

«ሰው አለኝ» አልኩት። «ኛዴንግ።»

«ያቺ መጠለያ ያለችው? ቢሮ መምጣት ካልቻለች እንዴት ትሠራለች?»

«ሚስተር ካማው፣ ፕሮግራመሮቻችን የት ነው ያሉት?»

«ናይሮቢ።»

«ባለፈው ወር ቢሮ ተቀምጠን የጨረስነው ሥራ የትኛው ነው?»

አሰበ። ጠያቂዎቹ መስክ ነን፣ ፕሮግራሙን የሚጽፉት ናይሮቢ ናቸው፤ የሚያገናኘን ስልክና ኢንተርኔት ነው። እኔ ከየቦታው የማመጣውን አበጥሮ ለናይሮቢ የሚያዘጋጅ ሰው ስልክ እስካለው ድረስ የትም ቢሆን ይሠራዋል።

«እየጠየቅሽኝ ነው ወይስ እያሳመንሽኝ?» አለኝ።

«እየጠየቅሁ ነው።»

ሳቀና «ኢንተርቪው ሳላደርግ ግን አልቀጥርም» አለ። «መምጣት ካልቻለች እንሂዳ።»

ኛዴንግ ያን ሥራ አገኘች፤ ወደ አዲስ አበባ የመውጫ መንገድ እስክታገኝ ድረስ ከመጠለያው ሠራች፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ ቀጠለች። እኔና እሷ ለብዙ ዓመታት ባልደረቦች ነበርን። አሁንም ሥራ ላይ ናት፤ ወጣቶች ታሠለጥናለች። እኔ ግን ሥራዬን ሳስብ ቶሎ የሚመጣልኝ ያ የኢንተርቪው ቀን ነው።

ዝናብ ሲጥል አድሮ ነበር። ካማው ኮት ለብሶ፣ ጭቃውን እየዘለለ ገባ። ኛዴንግ የፕላስቲክ ወንበር አዘጋጅታ፣ ጫማዋን ወልውላ፣ ድንኳኗ በር ላይ ተቀበለችው። እኔ ጓደኛዋ ስለሆንኩ መግባት አልፈቀደልኝም። ውጪ ከማማ ሣራ ጋር ቆምኩ።

«ያ ሰውዬ ምን ሊገዛ መጣ?» አሉኝ።

«ኛዴንግን ሊፈትን ነው፤ ለሥራ።»

«ኛዴንግን?» አሉና ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ድንኳኑ አፈጠጡ።

መጀመሪያ የእሱ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቀስ በቀስ የእሷ በዛ። ከዚያ እሱ ሲያስረዳ፣ ሲያስረዳ፣ ዝም ሲል፣ እንደገና ሲያስረዳ ሰማሁት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዱዓ አደርጋለሁ። በመጨረሻ ወጣ። ኮቱን አውልቆ እጁ ላይ አንጠልጥሏል፤ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ልጠይቃት ገብቼ ተጠይቄ ወጣሁ። ደንበኞቻችን ሲስተሙን ገዝተው ከጥቂት ወራት በኋላ ለምን እንደሚተዉት ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ‘ሰኞ ልጀምርና እንወቀዋ’ አለችኝ።»

«እና?»

«ሰኞ ትጀምራለች።»

ለማማ ሣራ በአማርኛ ነገርኳቸው። ዱላቸውን ጭቃው ላይ ተክለው እልልታቸውን ለቀቁት። ከቧንቧው ዘንድ ያሉት ሴቶች ሰሙና ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ተቀበሏቸው፤ ከወዲያ ማዶም ተከተሉ። ኛዴንግ ከድንኳኗ ወጥታ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ቆመች። ካማው በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ግራ ተጋብቶ፣ ኮቱን ይዞ ዞረብኝ።

«ምን እያሉ ነው?» አለኝ።

«ይጠይቋቸው» አልኩት።